የነቀርሳ ትውልድ ቈጠራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግር የተመረጠው ርእስ ከሕክምናው ዓለም በመሆኑ፣ «መሐንዲስ ስለ ሳምባ ነቀርሳ ለመናገር ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልብ ሳያድር እንደማይቀር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሥራዬ ለላቦራቶሪዎች የኤሌክትሪክ ኃይልና የአየር ማዘዋወሪያ መዘርጋት በመሆኑ፣ የነቀርሳን ባክቴሪያ ዘረመል ከሚያነቡ ባለሙያዎች ጎን ቆሜ መሣሪያቸው ምን እንደሚለካና ልኬቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ለመጠየቅ ዕድል አግኝቻለሁ። እንግዲህ የማቀርብላችሁ የሐኪም ትምህርት ሳይሆን፣ አንድ መሐንዲስ ስለ አንድ መለኪያ የሚሰጠው ሐተታ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

1. «ከማን ያዘው?»

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ከተማ ላይ የገለጸው ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ከዚያ ወዲህ በሽታው በዘር የሚወረስ ወይም ከእርግማን የሚመጣ ሳይሆን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑ እየታወቀ ሄደ። ዕውቀቱ ታላቅ በረከት ቢሆንም አንድ ከባድ ጥያቄ አብሮት መጣ። በሽተኛ በተገኘበት ቤት ሁሉ «ከማን ያዘው?» ይባላል። ማስረጃ ሲታጣ መልሱ በግምት ይሞላል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የሚከራከርለት ወገን በሌለው ሰው ላይ ነው፤ በቤት ሠራተኛዋ፣ ጓዳ ተከራይቶ በሚያድረው የቀን ሠራተኛ፣ ከሩቅ አገር በመጣው እንግዳ ላይ።

ጥያቄውን አስቸጋሪ የሚያደርገው የበሽታው ጠባይ ነው። ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በጥቂት ወራት ሊያሳምም ይችላል፤ ወይም ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና አቅም ሲደክም ይነሣል። ስለዚህ ዛሬ የሚያስለው ሰው ባለፈው ዓመት በሥራ ቦታው ይያዝ ወይም በልጅነቱ በአያቱ ቤት፣ ሐኪሙ ደረቱን በመመርመር ብቻ ሊለይ አይችልም። ጉዳዩም ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በነቀርሳ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ሰዎችም ሞተዋል። የትኛው በሽተኛ በቅርቡ እንደ ተያዘ፣ የትኛውስ የቆየ በሽታ እንደ ተነሣበት ካልታወቀ፣ በሽታው ዛሬ የሚተላለፍበትን ስፍራ አግኝቶ መዝጋት አይቻልም።

2. ቁም ጸሐፊውና ስሕተቱ

የአገራችን መጻሕፍት በብራና ላይ በእጅ ይገለበጡ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቁም ጸሐፊ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠው ሁለተኛው ጸሐፊ የፊተኛውን ስሕተት ይወርሳል፤ የራሱንም አንድ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ስፍራ ይዘው የተገኙ እንደ ሆነ፣ ከአንድ እናት መጽሐፍ መውረዳቸው ይገመታል። የባክቴሪያ ዘረመልም እንደዚሁ ነው። ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉ ይገለበጣል፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ፊደል ይለወጣል፤ ለውጡም ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል።

የነቀርሳ ባክቴሪያ መጽሐፍ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሲሆን፣ ርዝመቱ 4.4 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው። ኤች37አርቪ የተባለው የላቦራቶሪ ዝርያ ሙሉ ንባብ፣ በእንግሊዙ የሳንገር ማእከልና በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ትብብር በ1998 ታተመ። በዚያን ጊዜ የተቈጠረው 4,411,529 ፊደል ነበር፤ በውስጡም ወደ 4,000 የሚጠጉ ጂኖች ተገኙ። እስከ ዛሬ ድረስ ከበሽተኞች የሚወሰዱ ናሙናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመሳከሩት ከዚሁ ንባብ ጋር ነው።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የበሽተኛው አክታ በላቦራቶሪ ይዘራል። ይህ ባክቴሪያ የሚከፈለው በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚበቃው ያህል እስኪራባ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ዘረመሉ ወጥቶ ይቈራረጣል፤ መሣሪያው ቁርጥራጮቹን መቶ ሃምሳ ፊደል ያህል እያደረገ ያነባል፤ ኮምፒዩተሩም በኤች37አርቪ ንባብ ላይ እያነጠፈ ቦታ ቦታቸውን ያስይዛቸዋል። አንዱ ስፍራ በብዙ ቁርጥራጮች ላይ ተደጋግሞ ስለሚነበብ፣ መሣሪያው በአንዱ ንባብ ላይ የሚሠራው ስሕተት በድግግሞሹ ይጣራል። አንድን ርቀት ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን የሚወስድ ቀያሽ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ የሚያምታቱት ክፍሎች፣ ይኸውም ከመጽሐፉ አንድ አሥረኛው ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከንጽጽሩ ውጭ ይደረጋሉ።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሠራባቸው የነበሩት ዘዴዎች የመጽሐፉን ጥቂት ስፍራዎች ብቻ የሚመለከቱ ነበሩ። ኋላ የመጣውና የተሻለው ዘዴ እንኳ በ24 ስፍራዎች ላይ የሚደጋገሙትን ቃላት ከመቍጠር አያልፍም። ይህም ሁለት መጻሕፍትን በምዕራፎቻቸው ብዛት ብቻ አስተያይቶ «አንድ ናቸው» እንደ ማለት ነው።

3. በዓመት ግማሽ ፊደል

ማንኛውም መለኪያ ከመታመኑ በፊት ትክክለኛነቱ መመርመር አለበት። በእንግሊዝ አገር ሚድላንድስ በተባለው አካባቢ ከተገኙ ናሙናዎች ተሠርቶ በ2013 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ባክቴሪያ ላይ የሚደርሰው ለውጥ በአማካይ በዓመት ግማሽ ፊደል ያህል መሆኑን አሳየ። ከ4.4 ሚሊዮን ፊደል መካከል በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ይለወጣል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በአንድ ቤት የሚኖሩ በሽተኞችን ናሙናዎችና ከአንድ ሰው በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ናሙናዎችን አመሳክረው ሁለት ወሰኖችን አቀረቡ። በሁለት በሽተኞች ናሙናዎች መካከል ያለው ልዩነት 5 ፊደል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሽታው በቅርቡ ተላልፎ ሊሆን ይችላል፤ ከ12 ፊደል በላይ ከሆነ ግን በቅርቡ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተላለፈም ለማለት ይቻላል።

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ። ቈጠራው ከሰባት ካለፈ ዝምድናው እንደሌለ ይቈጠራል፤ ሰባት ሳይሞላ ከተገናኘ ግን ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ይሁን እንጂ ዘመዳሞች መሆናቸው ብቻ ማን የማን አጎት፣ ማን የማን የወንድም ልጅ እንደ ሆነ አይናገርም። የዘረመሉም ቈጠራ ልክ እንደዚሁ ነው። በሁለት ሰዎች ናሙናዎች መካከል 40 ፊደል ልዩነት ቢገኝ፣ አንዱ ሌላውን በቅርቡ አላስያዘውም፤ ነገሩ አለቀ። ልዩነቱ ዜሮ ቢሆን ግን ነገሩ ገና ተጀመረ። በሽታው በሳምንታት ውስጥ ሊተላለፍ ሲችል ፊደሉ የሚለወጠው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ የመተላለፉ አቅጣጫ ከንባቡ ላይ አይታይም። ከዚህም በላይ ሁለቱንም ያስያዘ፣ ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያ ያልመጣ ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ይህ መለኪያ ከጥርጣሬ ነጻ ለማውጣት ብርቱ ምስክር ነው፤ ለመወንጀል ግን ደካማ ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የሚከተሉት ምሳሌዎችም ይህንኑ ያስረዳሉ።

4. ከካናዳ እስከ ሊቢያ

በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በአንድ መካከለኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ከ2006 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 41 ሰዎች በነቀርሳ ታመሙ። በቀድሞው ዘዴ ሲመረመሩ ናሙናዎቹ አንድ ዓይነት ሆኑ። ስለዚህ ወረርሽኙ አንድ፣ ምንጩም አንድ ሰው መስሎ ታየ፤ ነገር ግን ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በመፈለግ ብቻ ምንጩ ሊገኝ አልቻለም። ከዚያም 32 የወረርሽኙ ናሙናዎችና ከወረርሽኙ በፊት የተወሰዱ 4 ናሙናዎች ሙሉ ንባብ ተደረገላቸው። በ2011 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ በአንድ ጊዜ ይስፋፉ የነበሩት ሁለት የተለያዩ ሐረጎች ነበሩ። ሁለቱም ሐረጎች ከወረርሽኙ በፊት በአካባቢው የኖሩ እንጂ አዲስ የመጡ አልነበሩም። እንግዲህ የተለወጠው ባክቴሪያው ሳይሆን የሰዎቹ ኑሮ ሆነ ማለት ነው። በእርግጥም በዚያው ጊዜ ክራክ የተባለው ኮኬይን በማኅበረሰቡ ውስጥ በብዛት መወሰድ ጀምሮ ነበር። ይህን የነገረን ግን መሣሪያው አይደለም፤ በሽተኞቹ የት እንደሚውሉና ከማን ጋር እንደሚገናኙ ተጠይቀው የሰጡት መልስ ነው። ንባቡ የተሳሳተውን ሐሳብ አስወገደ፤ የሰው ቃል ትክክለኛውን አመለከተ።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ እኛው ወገኖች ይመልሰናል። በ2016 የስዊትዘርላንድ ብሔራዊ የነቀርሳ ላቦራቶሪ፣ ጥገኝነት ከጠየቁ ጥቂት በሽተኞች ላይ ያልተለመደ ዓይነት መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ አገኘ። ሌሎች አገሮችም ንባባቸውን ሲያመሳክሩ፣ ከፌብሩዋሪ 2016 እስከ ኤፕሪል 2017 ድረስ በሰባት የአውሮፓ አገሮች 29 በሽተኞች ተገኙ። ሁሉም የመጡት ከአፍሪካ ቀንድና ከሱዳን ነበር። በናሙናዎቻቸው መካከል ያለውም ልዩነት ከሁለት ፊደል አይበልጥም ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ፣ «ስደተኞቹ በሽታቸውን ከአገራቸው ይዘው መጡ» ለሚለው ነቀፋ አመቺ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ልዩ ልዩ አገር የተወለዱ ሰዎች ባክቴሪያ ይህን ያህል አንድ መሆኑ ራሱ ማብራሪያ የሚጠይቅ ነው። እያንዳንዱ በየመንደሩ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የናሙናዎቹ ልዩነት ይሰፋ ነበር። ከ29ኙ መካከል 22ቱ የመጡበትን መንገድ ተናገሩ፤ መንገዶቻቸውም በጊዜና በቦታ ተገጣጠሙ። የጋራ መገናኛቸው ሆኖ የታየው በሊቢያ የምትገኘው ባኒ ወሊድ ነች። ባኒ ወሊድ ሰው አሻጋሪዎች ስደተኞችን አጉረው የሚያስቀምጡባት ስፍራ መሆንዋ የታወቀ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ቀደምት ዘመዶች ከወረርሽኙ በፊት ከአፍሪካ ቀንድ በተወሰዱ 29 ናሙናዎች ውስጥ መገኘታቸው እውነት ነው፤ ሐረጉ ከእኛው አካባቢ የወጣ ነው። ነገር ግን እነዚያን ልጆች እርስ በርስ ያስተላለፋቸው መንገዱና የታጎሩበት ቤት እንደ ሆነ ማስረጃው ያመለክታል። በየቤታችን ልጁን፣ እኅቱን ወይም የጎረቤቱን ልጅ በዚያ መንገድ የላከ ሰው ስለማይታጣ፣ በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

5. መድኃኒቱን ያቋረጠው ማን ነው?

ነቀርሳ መድኃኒት የሚላመደው በሽተኛው መድኃኒቱን በአግባቡ ሳይወስድ ሲቀር ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። አባባሉ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። በደቡብ አፍሪካ በክዋዙሉ ናታል በምትገኘው ቱጌላ ፌሪ፣ ብዙ ዓይነት መድኃኒት በእጅጉ የተላመደ ነቀርሳ ከታየባቸው 53 በሽተኞች መካከል 52ቱ መሞታቸው በ2006 ተገለጸ። ዓለምም ደነገጠ። ኋላ ከዚያው ክፍለ ሀገር የተሰበሰቡ 337 ናሙናዎች ተነበቡ። በ2015 በታተመው ትንታኔ ግምት መሠረት፣ የዚያ ሐረግ የመጀመሪያው የመድኃኒት ልምድ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ አስፈሪው ደረጃ ላይ የደረሰውም በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰው ወረርሽኙን ከማየቱ ዐሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው።

በ2017 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በዚያው ክፍለ ሀገር ከተመረመሩ 404 የዚህ በሽታ ሕሙማን መካከል 280ዎቹ፣ ማለትም 69 በመቶው፣ ከዚያ በፊት መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ ታክመው አያውቁም። ያልወሰዱትን መድኃኒት ሊያቋርጡ አይችሉም። በሽታው ወደ እነርሱ የደረሰው መድኃኒቱን ከተላመደ በኋላ ነበር፤ የናሙናዎቻቸው መመሳሰልም ይህንኑ ያጠናክራል። ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ ከበሽተኛው ጸባይ ላይ ተነሥቶ፣ የብዙ ሰው ትንፋሽ በሚደባለቅበት የመኝታ ክፍልና የመጠበቂያ አዳራሽ ላይ ያርፋል።

6. ጥንተ መነሻው

የትውልድ ቈጠራው ወደ ኋላ ሲረዝም፣ ኢትዮጵያ በታሪኩ ውስጥ ልዩ ስፍራ እንዳላት እናያለን። አዲስ አበባ የሚገኘውና በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በተሳተፈበትና በ2013 በታተመ ጥናት፣ በአገራችን ከሳምባና ከንፍፊት ነቀርሳ ሕሙማን የተገኙ 964 ናሙናዎች ተመረመሩ። ከዚህም ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በብርቱ የተያያዘ፣ ዛሬ ሰባተኛው ሐረግ የሚባል ዝርያ መኖሩ ተገለጸ። ይህም ሐረግ ይበልጥ የሚገኘው በሰሜን ኢትዮጵያ ነው። በአገራችን የንፍፊት ነቀርሳ መብዛት ካልተፈላ የላም ወተት የሚመጣ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ ጥናቱ ግን የከብት ነቀርሳ ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ወተት ማፍላት ተገቢነቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ላሚቱም ከተከሰሰችበት ነጻ ወጣች ለማለት ይቻላል። በ2015 የታተመ የኢትዮጵያ ናሙናዎች ንባብ ደግሞ፣ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነቀርሳን የማያውቅ ድንግል መሬት ነበር፣ አውሮፓውያን ናቸው ያመጡበት የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ተቃወመ።

የበሽታው ዕድሜ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2013 የ259 ናሙናዎችን ንባብ መሠረት ያደረገ ጥናት፣ ነቀርሳ ከ70,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከሰው ልጅ ጋር ከአፍሪካ ወጣ አለ። በ2014 ደግሞ በፔሩ ከተገኙ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ካስቈጠሩ ሦስት ዐፅሞች የተነበበው ዘረመል፣ የጋራው ቅድመ አያት ከ6,000 ዓመት አይበልጥም የሚል ስሌት ሰጠ። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ሰዓታቸውን ያስተካከሉት በተለያየ መነሻ ነጥብ ነው። መነሻ ነጥቡ የተለየ እንደ ሆነ፣ ስሌቱ ምንም ያህል ቢራቀቅ መልሱ መለያየቱ አይቀርም።

7. የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ። ከላይ ባየናቸው ታሪኮች ውስጥ፣ ግለሰቡ ከጥርጣሬ ነጻ በወጣ ቁጥር በስተመጨረሻ የሚቀረው ሰዎቹ አብረው የዋሉበት ወይም ያደሩበት ስፍራ ነው። ስፍራን የሚሠራው ደግሞ መሐንዲስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ በባልቲሞር ከነቀርሳ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር ጊኒ ፒግ ወደሚባሉ እንስሳት ማደሪያ በቧንቧ አደረሱት። እንስሳቱ ከሕሙማኑ ጋር ሳይገናኙ ከአየሩ ብቻ ተያዙ። አየሩ በአልትራቫዮሌት ጨረር ውስጥ ካለፈ በኋላ የደረሳቸው ግን አልተያዙም። በ2007 በሊማ ከተማ በስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ በሚገኙ 70 ክፍሎች ላይ የታተመው ልኬት ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። መስኮትና በር ሲከፈት፣ ትልልቅ መስኮትና ከፍ ያለ ጣሪያ ያላቸው የጥንት ክፍሎች አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ሲለወጥ፣ አዲሶቹ ክፍሎች 17 ጊዜ ብቻ ይለወጥ ነበር። ጣሪያ ዝቅ አድርገን፣ መስኮት አጥብበን፣ «ዘመናዊ» ብለን የምናስረክበው ሕንፃ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚናገር ልኬት አላውቅም።

ሁለተኛው ድርሻችን ላቦራቶሪው ነው። ዛሬ በእጅ መዳፍ የሚያዝ የንባብ መሣሪያ በገበያ ላይ አለ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ላቦራቶሪ አይደለም። ለሳምንታት የሚራባው ናሙና መብራት በጠፋ ቁጥር የሚበላሽ ከሆነ፣ የኬሚካሉ ማቀዝቀዣ የማያስተማምን ከሆነ፣ የሠራተኛውንም ትንፋሽ የሚጠብቀው የአየር ማስወጫ የሚፈተሽበት ጊዜ ካልተወሰነ፣ ውድ መሣሪያ ገዝቶ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው መዝገቡ ነው። ንባቡ ብቻውን ደካማ ምስክር መሆኑን ካመንን፣ አጋዡ መዝገብ መታረም አለበት። አንዱ ሰው በሁለት ጤና ጣቢያ ስሙ በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ቢመዘገብ ሁለት ሰው ይሆናል። የተመረመረበት ዕለት አንዱ ዘንድ በእኛ፣ ሌላው ዘንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ የአቆጣጠሩ ዓይነት ካልተመለከተ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። በዓመት ግማሽ ፊደል የሚለካን ረቂቅ ሥራ እንዲህ ያለ ስሕተት ከንቱ ያደርገዋል። የመረጃ ሥርዓት የሚዘረጉ አባሎቻችን ይህን ሊያቃልሉት ይችላሉ። በዚያውም ላይ የሕሙማኑ ምስጢር እንዲጠበቅ ማድረግ ግዴታቸው ነው። በአንዲት አነስተኛ ቀበሌ የተሳለ የትውልድ ሐረግ፣ ስም ባይጻፍበትም ባለቤቱን ያጋልጣል። ለሕዝብ የሚገለጸው የሚታረመው ስፍራ እንጂ ሰው መሆን የለበትም።

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለሆስፒታሎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለማረሚያ ቤቶች በምናዘጋጀው ንድፍ ላይ የአየር ለውጥ ልክ በቁጥር እንዲጻፍና ሕንፃው ሲረከብ እንዲለካ፤ ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪዎችን የኃይልና የአየር ሥርዓት በየጊዜው የሚፈትሽ የአባሎች ቡድን እንዲቋቋም፤ ሦስተኛ፣ ከጤና ባለሙያዎች ማኅበራት ጋር በመዝገብ አያያዝ ላይ እንዲመክር ነው።

«ከማን ያዘው?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሰውን ከቤቱ፣ ከሥራውና ከወዳጁ ሲለይ ኖሯል። የዘረመል ንባብ ጥያቄውን «የት ያዘው?» ወደሚል ሊለውጠው የሚችል መሣሪያ ነው። ለዚህኛው ጥያቄ መልስ ከሚጠበቅባቸው ሰዎች መካከል እኛም አለንበት።